ኦናምን እንደ ኬራላ ቤተሰብ፦ ከአበባው ምንጣፍ እስከ ሙዝ ቅጠሉ

ሻርጃ ስኖር ጎረቤቴ ደቡብ ህንድ ያለችው የኬራላ ግዛት ሰው ነበረች። «ቼቺ» ነበር የምላት። በማላያላም ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ የእኛ «እትዬ» በሉት። አንድ ዓመት የኬራላን ትልቅ በዓል ኦናምን ልታከብር ወደ እናቷ ቤት ስትሄድ ይዛኝ ሄደች። ቤቱ እዚያው ኬራላ ካለችው ከትሪሹር ከተማ ብዙም አይርቅም። እንግዳ ስለሆንኩ ቁጭ ብዬ የምበላ መስሎኝ ነበር። በደረስኩ ማግስት ገና ቡናዬን ሳልጨርስ ቢላና አንድ ዘንቢል ፎሶሊያ ተሰጠኝ። ኦናም ሲደርስ እዚያ ቤት እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ የለም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በቼቺ ወጥ ቤት የተማርኩትን ነው የምጽፍላችሁ። ዐረብ አገር ያላችሁ መቼም አንድ ቀን የኬራላ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ይጠራችኋል። እስከዚያ ቤታችሁም ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ ከዕቃው አብዛኛው ለእኛ ወጥ ቤት ባዳ አይደለም።

መጀመሪያ እንግዳውን እወቁት

ኦናም የሚጠበቅ እንግዳ አለው። ማሃባሊ ይባላል፤ ልጆች «ማቬሊ» ይሉታል። ከአማልክት ጋር የሚፎካከሩት የአሱራዎች ወገን የሆነ ንጉሥ ነበር። በእሱ ዘመን ሌባ አልነበረም፣ ውሸታም አልነበረም፣ ሰው ሁሉ እኩል ነበር ይላሉ። ዝናው ሰማይ ሲደርስ አማልክቱ ሰጉ። ከአማልክቱ አንዱ ቪሽኑ፣ ቫማና የሚባል ድንክ ሆኖ መጣና «በሦስት እርምጃ የሚለካ መሬት ስጠኝ» አለው። ንጉሡ እሺ አለ። ድንኩ ወዲያው ገዘፈ። በአንድ እርምጃ ምድርን፣ በሁለተኛው ሰማይን ሸፈነ። «ሦስተኛውን የት ላሳርፍ?» ሲል ንጉሡ ራሱን ዝቅ አድርጎ «እዚህ» አለው። በዚያው ወደ ታችኛው ዓለም ወረደ። ግን አንድ ነገር ለምኖ ተፈቀደለት፤ በዓመት አንድ ጊዜ እየመጣ ሕዝቡን እንዲጎበኝ።

ተረቱን ያስቀደምኩት ያለ ነገር አይደለም። ከዚህ በታች የማወራው ሁሉ ከእሱ ይመዘዛል። አበባው ደጅ ላይ የሚነጠፈው ንጉሡ እንዲገባበት ነው። ልብሱ አዲስ የሚሆነው፣ ምግቡም የሚትረፈረፈው ሕዝቡ ጎስቁሎ እንዳያገኘው ነው። «ካናም ቪቱም ኦናም ኡናናም» የሚል አባባል አላቸው፤ ያለህን ሽጠህም ቢሆን የኦናምን ምሳ ብላ ማለት ነው። ለፋሲካ በግ ከጎረቤት ተበድሮ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትርጉም አያስፈልገውም።

በዓሉ መሠረቱ የሂንዱ ነው። ኬራላ ውስጥ ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አበባ ያነጥፋል፣ ምሳውንም ይበላል። እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ የግዛቲቱ በዓል ሆኗል።

ቀኑን ማወቅ

ኦናም የሚውለው ቺንጋም በሚባለው ወር ነው። ቺንጋም የማላያላም ዘመን አቆጣጠር የመጀመሪያው ወር ሲሆን ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ይዘልቃል። ከእሱ በፊት ያለው ወር ካርኪዳካም ይባላል። ዝናብ የማያባራበት፣ ጎተራ የሚራቆትበት ወር ነው። ልክ እንደ እኛ ሐምሌ። ከዚያ ፀሐይ ትወጣለች፣ አበባ ይፈነዳል፣ ሩዝ ይታጨዳል። ይህን ስሰማ ዕንቁጣጣሽን ነው ያሰብኩት። ያለምክንያትም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ዋናው የኦናም ቀን መስከረም 5 ላይ ዋለ፣ በ2025 ደግሞ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜ ልትገባ አንድ ቀን ሲቀራት።

ቀኑ በጨረቃ መንገድ ላይ ባሉ ኮከቦች ስለሚቆጠር በየዓመቱ ይዞራል። ቆጠራው «አታም» ከሚባለው ቀን ይጀምርና በአሥረኛው «ቲሩቮናም» ላይ ያበቃል። አንድ ቀን በፊት ያለው «ኡትራዶም» ነው። እነዚህን ሦስት ስሞች ብቻ ያዙ፤ ይበቃችኋል።

የአበባውን ምንጣፍ መሥራት

«ፑካላም» ይሉታል። በአታም ጠዋት ይጀመራል፤ በየቀኑ ይነሣና እንደገና ይሠራል፣ ስፋቱም እየጨመረ ይሄዳል። የቤቱ ልጆች ሥራ ነው። ድሮ በማለዳ ቅርጫት አንጠልጥለው ከየአጥሩ ሥር ይለቅሙ ነበር። አሁን ከተሜው ከገበያ ነው የሚገዛው። ብርቱካናማው የመሪጎልድ አበባ በጭነት መኪና ከጎረቤት ግዛቶች ከታሚል ናዱና ከካርናታካ ይመጣል። የቼቺ እናት ይህ አይጥማቸውም። «የተገዛ አበባ ማቬሊን አያታልለውም» ይላሉ፤ ግን እሳቸውም ይገዛሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

1. ቦታውን ምረጡ። ከቤቱ መግቢያ ፊት ለፊት፣ ሰው የማይረግጠው መሆን አለበት። ገጠር መሬቱ በእበት ይለቀለቃል። አዎ፣ እንደ እኛ አገር ቤት። አፓርታማ ውስጥ ከሆናችሁ ወለሉን አጥባችሁ አድርቁት፤ እርጥብ ወለል አበባውን ያጠቁረዋል።

2. መሐሉ ላይ አንድ ሰው ክር ይያዝ፣ ሌላው በክሩ ጫፍ ጠመኔ አሥሮ ይዙር። ክብ ወጣ። ክሩን እያሳጠራችሁ ሌሎች ክቦች ሥሩ። መስመር ሳትሠሩ በዓይን ብቻ ከጀመራችሁ በሦስተኛው ዙር ላይ እንቁላል ይሆንባችኋል፤ ደርሶብኛል።

3. አበባውን በየቀለሙ ለዩ። መሪጎልድና ክሪሳንተመም ከሆነ ቅጠል ቅጠሉን ፈልፍሉ። ትናንሾቹን እንዳሉ ተዉአቸው። ነጭዋ «ቱምባ» የምትባለው ጥቃቅን የዱር አበባ የማሃባሊ ወዳጅ ናት ስለሚሉ ብታገኙ አትለፏት። ለአረንጓዴ ቅጠል በቀጭኑ ይከተፋል።

4. ከመሐል ወደ ውጭ ሙሉ። በመጀመሪያው ቀን ቀለል ይላል፤ አንድ ዓይነት አበባ፣ አንድ ዙር። በየቀኑ ዙር ወይም ቀለም ይታከላል። በአንዳንድ ቤት ቀይ አበባ እስከ ሦስተኛው ቀን አይገባም።

5. ስስ አድርጋችሁ አትበትኑ። ወለሉ ከታየ ሥራው ያልተጨረሰ ይመስላል። አበባ ከገመታችሁት በላይ እንደሚሄድ አስቡ።

ትኩስ አበባ እሳት በሆነበት አገር የተቀለመ ጨው፣ የተቀለመ ሩዝ ወይም የተፈቀፈቀ ኮኮናት ይጠቀማሉ። ሻርጃ ላይ ቼቺ ጨው ነበር የምታቀልመው። ንጹሑ መንገድ ባይሆንም ነፋስ አያነሣውም፣ አይጠወልግም፣ አሥር ቀን ይከርማል። እኔ በበኩሌ ነውር አላይበትም።

ሙዙን መጥበስ

ከቲሩቮናም ሦስት አራት ቀን በፊት ቤቱ የኮኮናት ዘይት መሽተት ይጀምራል። የሙዝ ቺፕስ እየተጠበሰ ነው። ሙዙ «ኔንድራን» የሚባለው ትልቁ፣ ጥሬውን የሚጠበሰው ዓይነት ነው። ለዚህ በዓል ብለው የሚተክሉት ገበሬዎች አሉ። በኡትራዶም ቀን ጉሩቫዩር ወደሚገኘው የክሪሽና መቅደስ ምርጥ ምርጡን የሙዝ ዘለላ ተሸክመው ለስእለት የሚሰለፉትም ለዚሁ ነው።

ከመላጣችሁ በፊት እጃችሁን ዘይት ቀቡ፤ የጥሬ ሙዝ ወተት በቀላሉ አይለቅም። የተላጠውን እርድ የገባበት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉና አድርቁ። ዘይቱ ሲግል ሙዙን ቀጥታ መጥበሻው ላይ እየከተፋችሁ ልቀቁት። አሁን የምነግራችሁ ነገር መጀመሪያ ሳየው አስደንግጦኛል። ሙዙ ሊደርስ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና እርድ የተበጠበጠበት ውሃ የጋለው ዘይት ውስጥ ይጨመራል! ይንጫጫል፣ ይፈነጥቃል፤ ራቅ በሉ። ጨውና ቀለሙ ግን በዚያ መንገድ ነው እኩል የሚገባው። ጩኸቱ ጸጥ ሲል ደርሷል ማለት ነው፤ አውጡት። የተወሰነው ሙዝ ወፍራም ተደርጎ ይጠበስና ቀልጦ በወፈረ ጃገሪ ከዝንጅብል ዱቄት ጋር ይለወሳል። ጃገሪ ያልተጣራ የሸንኮራ አገዳ ስኳር ነው፤ የህንድ ሱቆች ውስጥ በድፍኑ ይሸጣል።

ልብሱ

የቤቱ ትልቅ ሰው ለታናናሾቹ አዲስ ልብስ ይሰጣል። «ኦናኮዲ» ይባላል። ባህላዊው «ካሳቩ» ነው፤ ወተት የመሰለ ጥጥ፣ ዳር ዳሩ ወርቃማ ጥለት ያለበት። ወንዶች ሽርጥ ያደርጉታል፣ ሴቶች ሳሪ። በእጅ የሚሸመነው ባላራማፑራም በመሳሰሉ የሸማኔ መንደሮች ነው። እኔ የሐበሻ ቀሚሴን ለብሼ ወጣሁ። የቼቺ እናት ጥለቱን በጣታቸው እያሹ የትኛው የኬራላ መንደር እንደተሸመነ ጠየቁኝ። ሽሮ ሜዳ አልኳቸው። ተጠርታችሁ ከሄዳችሁ ሌላ ልብስ አትፈልጉ።

ኡትራዶም፦ የሩጫው ቀን

ለዚህ ቀን ግርግር የራሱ ስም አለው፤ «ኡትራዳፓቺል»፣ የኡትራዶም ሩጫ። ሁሉም የረሳውን ሊገዛ ገበያ ይወጣል። እናንተ ግን ቀድማችሁ ገዝታችሁ በዚህ ቀን እነዚህን ብቻ ሥሩ።

የዝንጅብል ድልኸን («ኢንጂ ካሪ») ዛሬ ቀቅሉ። ዝንጅብሉ ተከትፎ በዘይት ይጠበስና በተምር ሂንዲ ውሃ፣ በጃገሪና በቃሪያ ይንተከተካል። አድሮ ነው የሚጥመው። እርጎ የገባበት ወፍራም ወጥም («ካላን») ስለማይበላሽ ዛሬ ይሠራል። አትክልቱ ሁሉ ማታ ይከተፋል፣ ኮኮናቱ ግን አይነካም፤ ጠዋት ነው የሚፈቀፈቀው። የሙዝ ቅጠሉን አጥባችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ። ከባድ ብረት ድስት የሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ፤ ለጣፋጩ ያስፈልጋችኋል።

በትሪሹር አካባቢ በዚህ ማታ ከሸክላ የተሠሩ፣ አራት ጎን ያላቸው ሾጣጣ ምስሎች ይዘጋጃሉ። «ኦናታፓን» ይሏቸዋል። የቫማና ምልክት ናቸው፤ ማሃባሊ ነው የሚሉም አሉ። ግቢው ላይ በተበጠበጠ የሩዝ ዱቄት ነጭ ሐረግ ይሳልና ምስሎቹ እዚያ ላይ ይቀመጣሉ፣ ራሳቸው ላይ ቱምባ ይሰካል። ሂንዱ ካልሆናችሁ ይህን ክፍል ቆማችሁ እዩት፤ የቤቱ አምልኮ ነው፤ ሌላው ሁሉ ለማንም ክፍት ነው።

የቲሩቮናም ጠዋት

ከንጋቱ በፊት ሁሉም ሰውነቱን ዘይት ተቀብቶ ይታጠባል። ዕጣኑ ይጨሳል፣ የናሱ የቁም መብራት ይበራል። በቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት የበሰለ የሩዝ ሊጥ፣ መሐሉ ኮኮናትና ጃገሪ ያለበት፣ ለኦናታፓን ይቀርባል። ወንዶቹና ልጆቹ «አርፖ! ኢሮ! ኢሮ!» እያሉ ይጮኻሉ። እልልታ በሉት፤ እንግዳው ገብቷል። ከዚያ ሁሉም ወደ ወጥ ቤት።

ሳድያ፦ ምሳው

የበዓሉ ልብ ይህ ነው። በአንድ የሙዝ ቅጠል ላይ ሃያ ስድስት ዓይነት ምግብ ይቀርባል ሲባል ትሰማላችሁ። የሚያቀርቡ አሉ። ግን አትሞክሩት። ቼቺ እራሷ ሻርጃ ላይ ከአሥር በላይ ሠርታ አታውቅም። ለጀማሪ እነዚህ ይበቃሉ፦ ሩዝ፣ የማሾ ክክ፣ ሳምባር (የክክና የአትክልት ወጥ)፣ አቪያል፣ ጥቅል ጎመን በኮኮናት፣ የዝንጅብል ድልህ፣ ፓፓድ (ስስ የተጠበሰ ቂጣ)፣ የሙዝ ቺፕስ፣ አሬራ፣ ጣፋጩ። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በጥንታዊው ሳድያ የለም ማለት ይቻላል። ሥጋም የለም። በሰሜን ኬራላ፣ በማላባር በኩል ግን በኦናም ዶሮና ዓሣ የሚያቀርቡ ቤተሰቦች አሉ፤ የደቡቡ ሰው ይህን ሲሰማ ይንገሸገሻል።

ሁሉንም ላስረዳችሁ አልችልም። ሁለቱን በደንብ ልንገራችሁ።

*አቪያል* (ለስድስት ሰው)። አንድ ኪሎ ያህል የተቀላቀለ አትክልት ውሰዱ፦ ካሮት፣ ፎሶሊያ፣ ጥሬ ሙዝ፣ ነጭ ዱባ፣ ካገኛችሁ የሞሪንጋ ፍሬ። ኮንሶ የሞሪንጋን ቅጠል ይበላል፤ እነሱ ደግሞ የዘመዱን ዛፍ እንደ ዱላ የረዘመ ፍሬ ይበላሉ፤ ውስጡ ይመጠጣል፣ ልጣጩ ይጣላል። ሁሉም በትንሽ ጣት ቁመትና ውፍረት ይከተፋል። አለበለዚያ አንዱ ሲበስል አንዱ ይፈርሳል።

ጠንካራዎቹን አስቀድሙ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ጨውና ጥቂት ውሃ አድርጋችሁ ከድናችሁ አብስሉ። ውሃ አታብዙ፤ አቪያል መረቅ የለውም። እስከዚያ የአንድ ኮኮናት ፍቅፋቂ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙንና አራት ቃሪያ ሸካራ አድርጋችሁ ፍጩ። አትክልቱ ላይ ጨምራችሁ አምስት ደቂቃ ተዉት። እሳቱን ቀንሱ፣ አንድ ኩባያ የተመታ እርጎ ጨምሩ፣ ወዲያው አውርዱ፤ ከፈላ እርጎው ይቋጥራል። በመጨረሻ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያልጋለ የኮኮናት ዘይትና አንድ እፍኝ የካሪ ቅጠል ከላይ አድርጉና ክደኑት። በማማሰያ አታሽከርክሩት፤ ድስቱን ይዛችሁ ወዝወዝ አድርጉት። ጾም ከሆነ እርጎውን ትታችሁ ጥሬ ማንጎ ከትፋችሁ አስገቡ። ኬራላዎችም እንደዚያ የሚሠሩት አለ፤ የጾም ምግብ ብላችሁ ማንም አይከራከራችሁም።

*አዳ ፕራዳማን*። ጣፋጩ ነው። ሁለት መቶ ሃምሳ ግራም «አዳ»፣ ማለትም ደርቆ የተከተፈ የሩዝ ሊጥ፣ ከህንድ ሱቅ በፓኬት ግዙ። ግማሽ ኪሎ ጃገሪ። ሁለት ኮኮናት። ንጥር ቅቤ። ሄል። የዝንጅብል ዱቄት። ካሹ።

ኮኮናቱ ተፈቅፍቆ ይጨመቃል። የመጀመሪያው ጭማቂ ወፍራም ነው፤ ለብቻው ይቀመጥ። ሞቅ ያለ ውሃ ጨምራችሁ ሁለተኛውን፣ እንደገና ጨምራችሁ ሦስተኛውን ጭመቁ። አበስሎቱ ተቃራኒ ነው፦ ቀጭኑ ቀድሞ፣ ወፍራሙ መጨረሻ።

አዳውን በፈላ ውሃ እስኪለሰልስ ቀቅሉና በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፤ ካላጠባችሁት ይጣበቃል። ጃገሪውን በአንድ ኩባያ ተኩል ውሃ አቅልጡና አጥልሉ። አሸዋ አይጠፋውም። ያን ከአዳው ጋር ብረት ድስቱ ውስጥ ከተቱ፣ ሁለት ማንኪያ ቅቤ ጨምሩ፣ እስኪወፍር አማስሉ። ሦስተኛውን ወተት ጨምሩ፣ ይወፍር። ሁለተኛውን ጨምሩ፣ ይወፍር። እዚህ ላይ ክንድ ይደክማል፤ ተራ ግቡ። ከዚያ የመጀመሪያውን ወተት ጨምራችሁ ዳር ዳሩ ሳይፈላ አውርዱ። ከፈላ ቅባቱ ይለያል፣ መልሶ አይገጥምም። ሄልና ዝንጅብል ነስንሱ። ኮረሪማ ብቻ ካላችሁ በጥቂቱ ይሠራል፣ ቼቺ ግን ቀምሳ «ይህ የእናንተ ነው» ብላኛለች። በቅቤ የተጠበሰ የኮኮናት ቁራጭና ካሹ ከላይ ይበተናል።

የታሸገ የኮኮናት ወተት ከሆነ ሁለት ቆርቆሮ ይበቃል። አንዱን በውሃ አቅጥናችሁ መጀመሪያ፣ ሌላውን እንዳለ መጨረሻ ተጠቀሙ።

ቅጠሉን መዘርጋትና መብላት

ሁሉም መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፎ በረድፍ ይቀመጣል። ከማንም በፊት አንድ ቅጠል ለአምላክ መብራቱ ፊት ይቀርባል። ከዚያ፦

የቅጠሉ ሹል ጫፍ ወደ ተመጋቢው ግራ ይዙር። ይህን ከተሳሳታችሁ አሳላፊው ቆሞ ያዞርላችኋል። የሚያድለው ሰው ከግራ ይጀምራል። ጨው፣ ቺፕስ፣ ትንሽ ሙዝና ፓፓድ በግራ በኩል ይውላሉ። ድልሆቹ በላይኛው ግራ፤ ከእነሱ ወደ ቀኝ ጎመኑ፣ አቪያሉና ሌሎቹ ደረቅ ወጦች። ሩዝ በታችኛው ግማሽ፣ መሐል ላይ፣ ተመጋቢው ከተቀመጠ በኋላ ይጨለፋል።

መጀመሪያ የማሾ ክክ በሩዙ ላይ፣ ከላዩ ንጥር ቅቤ። ፓፓዱን ሰባብራችሁበት ለውሱ። ያ ሲያልቅ ሩዝ ይደገምና ሳምባር ይመጣል። ቀጥሎ ጣፋጩ፣ ቀጥታ ቅጠሉ ላይ። ሙዙን አፍርሰውበት በእጃቸው ነው የሚበሉት፤ ፈሳሽ ነገር በቅጠል ላይ በእጅ መብላት ልምምድ ይጠይቃል። አበቃ ስትሉ እንደገና ትንሽ ሩዝ በአሬራ። ሆድ ያረጋጋል ይላሉ። እውነት ነው።

በቀኝ እጅ ብቻ ብሉ። ይህን ማንም ሐበሻ ያውቀዋል። ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ፤ አታጉርሱ። እኔ በፍቅር ብዛት አንድ ጉርሻ ጠቅልዬ ወደ ቼቺ እናት አፍ ዘረጋሁ። ረድፉ በሙሉ ጸጥ አለ። ምራቅ የነካው እጅና ቅጠል ለሌላ ሰው አይተርፍም፤ ለዚህ «ኤቺል» የሚል ቃል አላቸው። እናትየው ሳቁና አፋቸውን ከፈቱ። ሁሉም እናት ግን እንደዚያ ላይሆኑ ይችላሉ።

ስትጨርሱ አትነሡ። ረድፉ አብሮ ነው የሚነሣው። ቅጠሉን ከላይ ወደራሳችሁ እጠፉት፤ ጠገብኩ፣ ጣመኝ ማለት ነው። ወደ ውጭ ማጠፍ የለቅሶ ቤት ነው።

አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ልጆች፣ ሽማግሌዎችና እንግዶች በመጀመሪያው ዙር ይበላሉ፤ ከንጋት ጀምሮ እሳት ዳር የቆሙት ሴቶች መጨረሻ ላይ ነው የሚደርሳቸው። በቼቺ ቤት አሁን ወንዶቹ እንዲያሳልፉ ተደርጓል፣ ኮኮናት መፈቅፈቁም የወንድሞቿ ሥራ ሆኗል። በየከተማው ሙሉ ሳድያ አዝዞ ማስመጣትም ተለምዷል። ጣፋጩን ብቻ ቤት ሠርቶ ሌላውን የሚገዛ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ እኔም ባዝዝ አላፍርም።

ከምሳ በኋላና በማግስቱ

ልጆች የማንጎ ዛፍ ላይ በታሰረ ገመድ ዥዋዥዌ ይጫወታሉ። ሴቶች መብራቱን ከበው እያጨበጨቡ ይዘፍናሉ፣ ጎረምሶች ገመድ ይጓተታሉ። አያቶች ያንቀላፋሉ። ከቲሩቮናም በኋላ ባለው ጊዜ አራንሙላ በምትባል ቦታ፣ ፓምባ ወንዝ ላይ፣ ከመቶ በላይ ሰው የሚይዘው የእባብ ጀልባ ይወጣል። ትሪሹር ውስጥ ደግሞ ከቲሩቮናም ሁለት ቀን በኋላ፣ «አራተኛው ኦናም» በሚሉት ቀን፣ ወንዶች ሆዳቸውን ነብር አስመስለው ቀለም ተቀብተው በከበሮ አደባባይ ይዞራሉ። ቦርጭ ያለው ተፈላጊ ነው፤ የነብሩ ፊት እዚያ ላይ ነው የሚሳለው።

ዐረብ አገር ቀኑ በሥራ ቀን ከዋለ በዓሉ ወደ ዕረፍት ቀን ይገፋል። ማኅበሩ፣ መሥሪያ ቤቱ፣ ፎቁ ሁሉ የየራሱን ስለሚደግስ ለሳምንታት ይቀጥላል። ከተጠራችሁ ሥጋና መጠጥ አትያዙ፤ አበባ ወይም ፍራፍሬ ያዙ። ቀደም ብላችሁ ሂዱና ምን ልክተፍ በሉ።

አባቶቻችንን ሒሳብና ፊዚክስ ካስተማሩት የህንድ መምህራን ብዙዎቹ ከኬራላ የመጡ ነበሩ። በየክፍለ ሀገሩ ሲመደቡ ኮኮናት ከየት፣ የሙዝ ቅጠል ከየት? አደይ አበባ ግን በደጃቸው ነበር።

የተረፈውን ሳምባርና አቪያል አትድፉት። በማግስቱ አንድ ላይ አሙቁና በሩዝ ብሉት። ከትናንቱ ይበልጥ ይጥማል።